አሮጌ የፋይበር ጀልባ ማደስ፦ ለጀማሪ የሚሻለው የቱ ነው?

ጀልባ ልታዩ ስትሄዱ ትንሽ መዶሻ ያዙ። እጀታው ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል። ሻጩ ስለ ቀለሟ ሲያወራ እናንተ ወደ ኋላ ዙሩ። ሞተር የሚሰቀልበትን የኋላ ግድግዳ በእጀታው ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ደህና ከሆነ ድምፁ አጭርና ጠንካራ ነው። ውስጡ ከበሰበሰ ግን የታፈነ «ዱብ» የሚል ድምፅ ይሰጣችኋል፤ እርጥብ ካርቶን የመታችሁ ይመስላችኋል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነበር የመጀመሪያ ጀልባዬን የገዛሁት። ጎርጎራ ዳር ላይ ተገልብጣ አገኘኋት። አምስት ሜትር ገደማ ናት። ቀለሟ ከመላላጡ በቀር ምንም የሆነች አትመስልም ነበር። በአይሱዙ አስጭኜ አዘዞ አመጣኋት። አንድ ሙሉ በጋ ስፍቃት፣ ስቱኮ ስሞላት፣ ቀለም ስቀባት ቆየሁ። መጨረሻ ላይ ሞተሩን ስሰቅል የኋላው ግድግዳ ወደ ውጭ ተለመጠ። በድሪል ብበሳው ጥቁር ውሃ ወጣ። በፋይበሩ መሀል የነበረው እንጨት እንደራሰ ገለባ ሆኗል። ቀለሙንም ስቱኮውንም መልሼ በግራይንደር አነሣሁት። ያ በጋ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጎንደር ሆናችሁ አሮጌ ጀልባ አድሳችሁ ጣና ላይ መውጣት ለምትፈልጉ ይህ እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። በየደረጃው ሁለት ወይም ሦስት ምርጫ ይገጥማችኋል። የቱ ከየቱ እንደሚሻል፣ ለማንና መቼ እንደሚሻል፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት፦ በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁ ፋይበር ነው?

ጣና ላይ ሰው የሚወጣበት አራት ነገር አለ፦ ታንኳ፣ የእንጨት ጀልባ፣ የብረት ጀልባና ፋይበር።

ታንኳን እንዳትንቁ። ከደንገል ነው የሚሠራው፣ እጁ የለመደ ሰው በአንድ ቀን አስሮ ይጨርሰዋል። ውሃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ዳር ተጎትቶ መድረቅ ይፈልጋል፤ ዕድሜውም የወራት ነው። ግን አንድ ሰው ለብቻው ዳር ዳሩን መረብ ለመጣል ከሆነ ሐሳቡ፣ ለዚያ ሥራ ፋይበር ማደስ ገንዘብ ማባከን ነው። የእንጨት ጀልባ ጥገናው የታወቀ ነው፤ አናጢና ሚስማር በየቦታው አለ፤ ክፍተቱን ግን በየዓመቱ መድፈን ያስፈልጋል። የብረት ጀልባ የሚበይድ ሰው ብዙ ስለሆነ ጎንደር ውስጥ ለመጠገን ከሁሉም ይቀላል። ክብደቱና ዝገቱ ነው ችግሩ፤ ሁለት ሰው ጎትቶ ዳር አያወጣውም።

ፋይበር ማለት በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀብቶ በሚደርቅ ማጣበቂያ) የተያያዘ የመስታወት ክር ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ መስታወቱ ራሱ አይበሰብስም። ችግሩ ያለው ከውስጥ ነው። አብዛኞቹ አሮጌ የፋይበር ጀልባዎች የኋላ ግድግዳቸውና ከወለል ሥር በቁመት የሚሄዱት ማገሮቻቸው በፋይበር የተሸፈነ እንጨት ናቸው። አንድ ብሎን ሲላላ ውሃ በቀዳዳው ይገባል። ገብቶ አይወጣም። እዚህ ላይ የጣና ነገር የተለየ ነው፤ የባሕር ጨው እንጨት አበስባሹን ሻጋታ ያዳክመዋል፣ የጣና ውሃ ግን ጨው የለውም። የክረምት ዝናብ ጀልባ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ከሐይቁ የባሰ ያበሰብሳል። ስለዚህ ሁለት ክረምት ሳትገለበጥና ሳትሸፈን የቆየች ጀልባ ካያችሁ፣ እንጨቷ አልቋል ብላችሁ ገምቱና በዚያ ዋጋ ተነጋገሩ።

ሞተር፣ ቢያንስ ሦስት ሰውና ጥቂት ሣጥን ዓሣ የሚይዝ፣ በአይሱዙ የሚጫን ነገር ከፈለጋችሁ ፋይበሩ ይሻላል። እኔ የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ሁለት ጀልባ ቀርቦላችሁ ከሆነ

ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ምርጫ እንዲህ ነው። አንዷ ጎኗ ላይ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አላት፣ ወለሏና የኋላ ግድግዳዋ ግን ጠንካራ ነው። ሌላዋ ከላይ ሲያዩዋት ያማረች ናት፣ ስትረግጧት ግን ወለሏ ይሰምጣል።

ቀዳዳ ያላትን ግዙ። ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። ቀዳዳ የሚታይ ችግር ነው፤ ዳር ዳሩ ይሞረዳል፣ በንብርብር ይሞላል፣ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። የሚሰምጥ ወለል ግን ሥሩ ምን እንዳለ ሳይከፈት አይታወቅም። ማገሩ ሊሆን ይችላል። በወለሉ ሥር የተሞላው ስፖንጅ ውሃ ጠጥቶም ሊሆን ይችላል። ስፖንጁ ከጠጣ ጀልባዋ ስትነሣ ከመጠኗ በላይ ትከብዳለች። አራት ሰው ሆናችሁ ከፍ አድርጓት፤ አምስት ሜትር የማትሞላ ባዶ ጀልባ አራት ጎረምሳ ፈጽሞ ካላነቃነቃት ጠርጥሩ።

ሻጩ ከፈቀደ ከውስጥ በኩል የኋላውን ግድግዳ ታች አካባቢ በ5 ሚሊ ሜትር ድሪል ብሱት። የሚወጣውን ፍርፋሪ እዩ። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ጠቆር ካለ፣ ከረጠበ፣ ከሸተተ ግድግዳው ይቀየራል። ቀዳዳዋን በኋላ መድፈን የደቂቃ ሥራ ነው። ካልፈቀደ ደግሞ ያው መልሱን ነግሯችኋል።

ላይዋ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ነገር ብታዩ ወዲያው አትደንግጡ። አብዛኛው የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው። ስንጥቁ አንድ ቦታ ላይ ከተሰበሰበና ሲጫኑት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሥሩ ያለው ነገር ደክሟል።

ፖሊስተር ወይስ ኤፖክሲ?

ብዙ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ነው።

ጀልባችሁ የተሠራችው በፖሊስተር ሬዚን መሆኑ አይቀርም፣ አብዛኛው የዓሣ ጀልባ እንደዚያ ነው። የውሃ ታንከርና የመኪና ቦዲ የሚሠሩ ልጆች የሚያውቁትም እሱኑ ነው። ርካሽ ነው። ቶሎ ይደርቃል። ሃርድነሩ (ማድረቂያው) ትንሽ ነው የሚገባው፤ ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር። ሲሞቅ ቀንሳችሁ፣ ሲቀዘቅዝ ጨምራችሁ ፍጥነቱን ማስተካከል ትችላላችሁ፤ ከዚያ ገደብ ግን አትውጡ። ካነሰ ጨርሶ አይደርቅም፣ ከበዛ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። በዓይን ግምት አትጨምሩ። ከመድኃኒት ቤት 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ግዙ፣ ሬዚኑን በሚዛን መዝኑ።

ድክመቱ አሮጌ ነገር ላይ መጣበቅ ነው። አዲስ ጀልባ ሲሠራ ንብርብሩ ሳይደርቅ በላዩ ሌላ ስለሚደረብ አንድ አካል ይሆናል። ሃያ ዓመት የደረቀ ጀልባ ላይ ስትደርቡ ግን የሚይዘው በሻካራው ገጽ ብቻ ነው። እንጨት ላይ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ይላቀቃል። የመጀመሪያ ጀልባዬ ማገሮች ላይ ያየሁትም ይህንን ነው፤ ፋይበሩ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተገፎ ወጣ።

ኤፖክሲ ውድ ነው። ጎንደር ውስጥ ለጀልባ የሚሆነውን ስላላገኘሁ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ግን አሮጌ ፋይበርንም እንጨትንም አጥብቆ ይይዛል። ሲደርቅ ብዙም አይኮማተርም። ውሃም ከፖሊስተር ያነሰ ነው የሚያሳልፈው።

ጀማሪ የሚሳሳተው ሃርድነሩ ላይ ነው። የኤፖክሲ ሃርድነር እንደ ፖሊስተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ አይደለም። የውህዱ አንዱ አካል ነው። ጣሳው ላይ 2 ለ 1 ካለ 2 ለ 1 ነው፣ 5 ለ 1 ካለ 5 ለ 1 ነው። «ይፍጠንልኝ» ብላችሁ ሃርድነር ከጨመራችሁ ለዘላለም የሚጣበቅ ማስቲካ ታገኛላችሁ። እንዲፈጥን ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ፈጣን ሃርድነር መግዛት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ሱቅ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ተቆራርጦ የተነጠፈ የፋይበር ምንጣፍ ክሮቹን አንድ ላይ የያዘ ማጣበቂያ አለው። ያ ማጣበቂያ ፖሊስተር ውስጥ ይሟሟል፣ ኤፖክሲ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ አይሟሟም። ምንጣፉ ደርቆ ይቆማል፣ ጥግ ላይ አልተኛም ይላል። ለኤፖክሲ የተሸመነውን ጨርቅ ግዙ።

ከጎንደር አንጻር ሳየው አንድ ነገር ምርጫውን ወደ ኤፖክሲ ይገፋዋል፤ ዕድሜው። ፖሊስተር ሬዚን ሱቅ ውስጥ ሲቆይ በራሱ እየረጋ ይሄዳል፣ ሙቀት ያገኘው ደግሞ ይፈጥናል። ከሩቅ መጥቶ፣ መጋዘን ቆይቶ እጃችሁ ሲደርስ ስንት ጊዜ እንደቀረው አታውቁም። ስትገዙ የተመረተበትን ቀን ጠይቁ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ እንደ ማር ከመዘዘ ተዉት። ኤፖክሲ በደንብ ተዘግቶ ከተቀመጠ ዓመት ከዚያም በላይ ይቆያል። እንደኔ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ የቱን? ከውሃ በታች ላለው ሁሉ፣ ለኋላ ግድግዳና ለማገር ኤፖክሲ። ለመቀመጫ ሣጥን፣ ለክዳን፣ ጭነት ለማይሸከም ነገር ሁሉ ፖሊስተር ይበቃል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ትንሽ ኤፖክሲ ገዝታችሁ የኋላውን ግድግዳ ጨርሱ፤ መቀመጫው ዓመት ይቆያል። ቅደም ተከተሉን ብቻ አትርሱ፤ ኤፖክሲ በፖሊስተር ላይ ይያዛል፣ ፖሊስተር በኤፖክሲ ላይ ግን በደንብ አይያዝም። አንዴ ኤፖክሲ የነካውን ቦታ በኤፖክሲ ጨርሱት።

ቪኒልስተር የሚባልም አለ። በጥንካሬ በሁለቱ መሀል ነው። ዕድሜው ግን አጭር ስለሆነ ለኛ ርቀት አልመክረውም።

ቀዳዳን ስለ መድፈን

የመኪና ስቱኮ ወይስ የፋይበር ንብርብር ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ከውሃ በላይ ላለ ጭረት ይሆናል፣ ከውሃ በታች ግን ቀዳዳ አይደፈንበትም።

ንብርብሩ እንዲይዝ የቀዳዳው ዳር በሰፊው ተሞርዶ መሳሳት አለበት፤ የውፍረቱን 12 እጥፍ። የጀልባዋ ግድግዳ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ በዙሪያው 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ብዙ ይመስላል። ሞርዱት ግን። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ከመሞረዳችሁ በፊትም በኋላም በአሴቶን ጥረጉ። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይሁን፤ ያገለገለ የጋራዥ ትራፖ ዘይት ይቀባባችኋል። 450 ግራም የሚባለው ምንጣፍ በፖሊስተር ሲጠጣ አንድ ንብርብሩ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይሰጣል፤ ስንት ንብርብር እንደሚያስፈልጋችሁ ከዚያ አስሉ።

የኋላው ግድግዳ፦ ከውስጥ፣ ከውጭ ወይስ ብረት መለጠፍ?

ብረት መለጠፍ የሚባለውን መጀመሪያ ላንሣ፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ስለሆነ። የበሰበሰውን ግድግዳ በሁለት ላሜራ ከውስጥና ከውጭ አጣብቆ በብሎን ማሰር ነው። በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ለአንድ ወቅት ይሠራ ይሆናል። መሀሉ ግን መበስበሱን አላቆመም፣ አዲሶቹ የብሎን ቀዳዳዎችም ሌላ የውሃ በር ናቸው። ሐይቅ መሀል ሞተር ከነግድግዳው ቢለቅ የሚሆነውን አስቡት። እኔ አልመክርም።

ከውጭ መቀየር ማለት የውጩን የፋይበር ቆዳ ቆርጦ ማንሣት፣ እንጨቱን ማውጣት፣ አዲስ አስገብቶ መዝጋት ነው። ላይዋ በክዳን የተዘጋ፣ ከውስጥ እጅ የማይገባባት ጀልባ ከሆነች ግድ ነው። ችግሩ ቅርጿን የያዘውን ቆዳ መቁረጣችሁ ነው። ስትመልሱት ቀጥ ማለት አለበት፣ የሚታየውም ያ ነው።

ከውስጥ መቀየር ለጀማሪ ይሻላል። የውስጡን ቆዳ ትቆርጣላችሁ፣ የበሰበሰውን በመሮና በመዶሻ ታወጣላችሁ፣ የውጩ ቆዳ ሳይነካ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ብትሳሳቱ እንኳ የሚታየው ውስጥ ነው። ሥራው አድካሚ ነው። እንጨቱ ሁሉም አይበሰብስም፤ ከላይ በኩል ያለው ደህናው ክፍል እንደ ድንጋይ ተጣብቆ አልወጣም ይላል። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

አዲስ ምን ይገባል? እዚህ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ጎረቤቴ አናጢ ናቸው፣ በዕድሜም በሙያም አባቴ ይሆናሉ።

«ልጄ፣ ዋንዛ እያለ ኮምፔንሳቶ ምን ያደርግልሃል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዋንዛው መልካም ነው፤ ግን ይነፋል ይላሉ» አልኳቸው።

«የደረቀ ዋንዛ ይነፋል? በር ስንት ዓመት ይቆማል!»

በር ላይ ልክ ናቸው። ዋንዛም ጽድም እንጨት ከተባለ እንጨት ናቸው፤ ጽድ በተለይ መበስበስን ይችላል። ግን ወፍራም ሙሉ ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በጎን ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። በር ላይ ይህ ሲሆን በሩ ይጣበቃል፣ ትንሽ ትልጉታላችሁ፣ አለቀ። በፋይበር ውስጥ የታሸገ ጣውላ ግን የሚሰፋበት ቦታ የለውም፤ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል ወይም ከቆዳው ይላቀቃል። ኮምፔንሳቶ ስሱ ቅጠሎቹ አንዱ በቁመት አንዱ በወርድ ስለተጣበቁ አይነፋም አይጠብም ማለት ይቻላል። ሁለት 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በኤፖክሲ ተጣብቆ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ለአነስተኛ ሞተር የተለመደው ውፍረት በዚህ አካባቢ ነው። ግን ውሃ የሚችል ሙጫ ያለው ኮምፔንሳቶ መሆን አለበት። ቁራጩን ለአንድ ሰዓት አፍሉት፤ ቅጠሎቹ ከተላቀቁ ለቁም ሣጥን እንጂ ለጀልባ አይሆንም። ይህን ለጋሼም አብረን አፍልተን አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ እንጨቱን የቆረጡልኝ እሳቸው ናቸው፤ በካርቶን ቅርጹን ወስደው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ሳያጓድሉ።

እንጨቱን ከማስገባታችሁ በፊት በተለይ ጠርዙን በቀጭን ኤፖክሲ ደጋግማችሁ አጠጡ፤ ውሃ የሚጠጣው በጠርዝ ነው። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበትን ጥግ በወፈረ ኤፖክሲ አጎብጡት፣ ጨርቁ ሹል ጥግ ላይ አይተኛምና። የብሎኑን ቀዳዳ ደግሞ ከብሎኑ አስፍታችሁ ብሱ፣ በወፈረ ኤፖክሲ ሙሉት፣ ሲደርቅ በትክክለኛው ልክ መሀሉን እንደገና ብሱት። አሁን ብሎኑ የሚነካው ኤፖክሲ እንጂ እንጨት አይደለም። ብሎኑ ቢላላ እንኳ ውሃው እንጨቱ ጋ አይደርስም። የመጀመሪያ ጀልባዬን የገደላት አራት የሞተር ብሎን ቀዳዳ ነበር።

የት ይሠራ? ጎንደር ግቢ ውስጥ ወይስ ጎርጎራ ዳር?

ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጩሂት በኩል። ዳር ላይ መሥራት ማጓጓዣ ያስቀራል። ምክር የሚሰጥ ዓሣ አጥማጅም በየሰዓቱ ያልፋል፣ ያ ቀላል አይደለም። ግን ግራይንደር መብራት ይፈልጋል። የሐይቁ ዳር ማለዳ ጤዛ አለው፣ ጤዛ ያረፈበት ገጽ ላይ ሬዚን አይያዝም። ዕቃችሁንም የሚጠብቅ ያስፈልጋል። በሳምንት አንዴ ብቻ ለሚመላለስ ሰው አይሆንም።

ግቢ ውስጥ ሁሉም በእጃችሁ ነው፤ ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ ትሞርዳላችሁ። የሚጎድል ብሎን ወይም ብሩሽ ቢኖር ፒያሳ ወይም ቅዳሜ ገበያ ደርሶ መምጣት ነው። ዋጋው ሁለት የአይሱዙ ጉዞና ጎረቤት ነው። ስለ ጎረቤቱ ጠንከር ብዬ ልናገር። ፋይበር ሲሞረድ የሚወጣው ዱቄት ደቃቅ መስታወት ነው። አጥር ማዶ በርበሬ ወይም ብቅል ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ፣ ሕፃን እየተጫወተ ሊሆን ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ሂዱና ጠይቁ፣ ስጡ ይነሣ፣ ጀልባዋን በላስቲክ ጋርዱ፣ መሬቱን በውሃ አርጥቡ። የምትሞርዱበትንም ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አትጠቡት።

እናንተም አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ አትሥሩ። ለዱቄቱ ጥሩ የዱቄት ማስክ፣ ለፖሊስተር ሽታ ደግሞ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኤፖክሲ ብዙ ስለማይሸት የዋህ ይመስላል፣ ቆዳ ላይ ሲደጋገም ግን ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ያመጣል፤ ጓንት አትርሱ። የፖሊስተር ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል፤ መነጽር ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ። ኮባልት የሚባለው ማፍጠኛ ለብቻው ከተሰጣችሁ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አታገናኙት፣ ይፈነዳል። ከሬዚኑ ጋር መጀመሪያ በደንብ ይቀላቀላል፣ ሃርድነሩ በመጨረሻ ይገባል።

ስለ ጎንደር ብርድም ላንሣ። አንድ ታኅሣሥ፣ ቀኑ ደስ የሚል ፀሐይ ነበር፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «አንዲት ንብርብር ልጨምር» ብዬ ኤፖክሲ ቀባሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ ወረደ። ጠዋት ስነካው ይጣበቃል። በሦስተኛው ቀን ሲደርቅም ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት አውጥቶ ነበር። ይህ ቅባት በብርድና በእርጥበት የሚመጣ ነው፤ በአሴቶን ሳይሆን በውሃና በሻካራ ስፖንጅ ነው የሚታጠበው። ሳይታጠብ የተቀባበት ነገር ሁሉ ይላጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምራችሁ ስድስት ሰዓት ላይ ቀብታችሁ ጨርሱ። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ የተበጠበጠ ሬዚን እጃችሁ ላይ ይጨሳል። ከ300 ግራም በላይ አንዴ አትበጥብጡ፣ በጠባብ ኩባያ ሳይሆን በሰፊ ሣህን ይሁን።

ጄልኮት ወይስ ቀለም?

ቀለም። ጄልኮት፣ ማለትም የፋይበር ጀልባ ሲሠራ የሚደረግላት የላይኛው ሽፋን፣ የተሠራው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እንዲቀባ ነው፤ በውጭ ሲቀባ አየር ስለሚያገኘው ላዩ እየተጣበቀ ይቀራል፣ ሰም ካልተጨመረበት። ከዚያ መሞረድና መወልወል ማለቂያ የለውም። ኤፖክሲ የነካው ቦታ ላይም በደንብ አይዝም።

ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን ቀለም ጠንካራ ነው፤ ጀልባችሁ ከሥራ በኋላ ዳር የምትወጣ ከሆነ ይስማማታል። ውሃ ውስጥ ሳምንታት የምትቀመጥ ከሆነ ግን ለዚያ ተብሎ የተሠራ ካልሆነ ከውሃ በታች ሊያብጥ ይችላል። በመርጫ አትርጩት፣ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል፤ በሮለር ቀብታችሁ በብሩሽ ጫፍ አለስልሱት። ኤፖክሲ ፀሐይ አይወድምና ሳይቀባ እንዳትተዉት። ቀለሙም ነጣ ያለ ይሁን።

ሞተር

በአጭሩ፦ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። 15 የፈረስ ጉልበት የተባለው እዚያ 12 ገደማ ነው። ይህን ለማካካስ ግድግዳው ከሚችለው በላይ ትልቅ ሞተር አትስቀሉ፤ ፕሮፔለሩን ፒቹ (የክንፉ መጠምዘዝ) ዝቅ ባለ መቀየር ይሻላል። በደንቢያ ዳር እምቦጭ በተኛበት ሞተር አስነሥታችሁ አትግቡ። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣውን የውሃ መግቢያም ይደፍናል። መቅዘፊያ ሁልጊዜ ይኑራችሁ። በተለይ ከሰዓት በኋላ፤ ሐይቁ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ባንዴ ይቆማል።

እኔ ሁለተኛዋን ጀልባ የጀመርኩት በጥቅምት ነው። በጥር ግድግዳዋ አለቀ፣ በሚያዝያ ቀለም ተቀባች፣ በግንቦት ጎርጎራ ወረደች። አንድ ወር ወጣሁባትና ሰኔ ሲገባ መረቡን ሰቀልኩ። በክረምት በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉት የጣና ነጭ ዓሦች እንቁላል ሊጥሉ ወደ መገጭና ወደ ድርማ ወንዝ ይወጣሉ፤ በዚያ ሰዓት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል የከርሞውን መፍጀት ነው። ጀልባዋን ገልብጬ፣ ከመሬት በግንድ አንሥቼ፣ ላስቲክ አለበስኳት። ባለፈው እሑድ ዝናብ ሲያባራ ሄጄ የኋላውን ግድግዳ በመዶሻው እጀታ አንኳኳሁት። አጭርና ጠንካራ ድምፅ ሰጠኝ።